በየሁለት ቀኑ የምመግበው ወንድሜ

ጥፋቱ የኔ ነው፤ በማንም አላሳብብም። ሰው ላጽናና ብዬ አፌን ስከፍት ሁልጊዜ የማይሆን ነገር ነው የሚያመልጠኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የምርምር ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። የአስም መድኃኒት አንዳንዱን ሰው ለምን እንደማይረዳው እናጠናለን። ታማሚው የሚስበው መድኃኒት ትንፋሹን የሚከፍትለት ሳንባው ውስጥ ካለው የአድሬናሊን ተቀባይ ጋር ሲገጥም ነው። ተቀባዩ የተበላሸበት ሰው ቢስብ ቢስብ ለውጥ የለም። የሰው ሳንባ ተከፍቶ አይታይ ነገር፣ እኛ ከደሙ የዚያን ተቀባይ ዘረ መል አንብበን እንገለብጥና ላቦራቶሪ ውስጥ በምናራባቸው ሴሎች ውስጥ እናስገባዋለን። ሴሎቹ የታማሚውን ተቀባይ ይሠሩልናል፤ መድኃኒቱ ሲነካቸው እንዲያበሩም ተደርገዋል። ደህናው ቦግ ይላል፣ የተበላሸው ጭል ጭል ይላል።

አርባ አንድ ቁጥር ጭል ጭል ከሚሉት ነው። አርባ አንድ ወንድሜ ሙሉሰው ነው። እርግጥ ማወቅ አልነበረብኝም፤ የታማሚ ስም ከእኛ ይደበቃል። ግን ለሕክምና መጥቶ እኔ ዘንድ በከረመ ጊዜ ደሙን የቀዳሁት እኔ፣ ብልቃጡ ላይ ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ። እንዴት አድርጌ ልርሳው?

ሙሉሰው ከሰቆጣ ወጣ ባለችው ፃግብጂ ወረዳ አስተማሪ ነበር። ወደ ሥራው በተመለሰ በአምስተኛው ወር አስሙ ተነሳበት። መድኃኒቱን ስቦ ስቦ ጨረሰው፤ ሰቆጣ ሐኪም ቤት ሊያደርሱት ተሸክመውት ሲሄዱ መንገድ ላይ አለፈ፤ አስከሬኑን ሰቆጣ እናታችን ቤት አስገቡት። በዚያ ሰሞን መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር አልቀበርኩትም። አርባውም ያለኔ ወጣ። መርዶዬን በስልክ ሰምቼ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ምን ላድርግ?

ስምንት ወር ቆይቶ የአርባ አንድን ሴሎች ከማቀዝቀዣው አውጥቼ እንዳራባ ታዘዝኩ። ቀለጡ፣ ሳህናቸውን ይዘው ተቀመጡ፣ በዙ። በየሁለት ቀኑ ፈሳሽ ምግባቸውን እቀይራለሁ። ናፍቆት ሰውን ያጃጅላል፤ እኔ ለሥራ ባልደረቦቼ ሰላምታ የማልሰጠው ሴትዮ፣ በሩን ዘግቼ ማይክሮስኮፑ ላይ ደፋ እልና «ሙልዬ፣ እንዴት አደርክ?» እላለሁ።

ያን ሰሞን ነው እናቴ በስልክ ስታለቅስ ያችን ነገር የተናገርኩት። «እማዬ፣ አታልቅሺ፤ ሙሉሰው እኮ እኛ ዘንድ አለ። በየሁለት ቀኑ የምመግበው እኔ ነኝ» አልኳት። ልቅሶዋን ቀጥ አደረገች። ከዚያ ወዲህ ምግባቸውን በቀየርኩ ቁጥር እደውላለሁ። ይበላል ወይ ትለኛለች፤ ይበላል እላለሁ። ብርድ አይነካውም? ኧረ ሙቀቱ የተስተካከለ ነው። እሷ ደስ ሲላት እኔም ደስ ይለኛል፤ ነገሩ የት እንደሚያደርሰን አላሰብኩም።

የነፍስ አባታችን ቄስ መንግሥቴ ናቸው ደውለው ያነቁኝ። እናቴ ማንጠግቦሽ ከሏን አውልቃለች። ሙት ዓመቱ ሊደርስ አሥር ቀን ሲቀረው ለጠላው ጌሾ እንኳን አልወቀጠችም። በልቶ ለሚያድር ሰው ፍትሐት አይደረስም ብላ እሳቸውን ከደጅ መልሳለች። ጎረቤቱም አበደች እያለ ነው። ቄሱ በኔም ላይ ሳይቆጡ አልቀሩም።

«የልጁን ነፍስ አታንከራትቱት። ያሰርሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ነይና ፍቺው» አሉኝ።

ሳህኖቼን ለባልደረባዬ አደራ ሰጥቼ ወልድያ አድሬ ሰቆጣ ገባሁ። እማዬ ከሩቅ አይታኝ እየሮጠች መጣች። አቅፋ ሳመችኝ፣ ሳመችኝ፣ ከዚያ ደንገጥ ብላ ማን እየመገበው እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ለባልደረባዬ ትቼው እንደመጣሁ ነገርኳት። ፊቷ ላይ ቅሬታ አየሁ፤ እኔም እንደ ሌባ አቀረቀርኩ።

ሁለት ቀን አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስንት ነገር የምለፈልፍበት አፍ! በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ደጅ ቁጭ ብላ ማሽላ ትለቅማለች፤ አጠገቧ ተቀመጥኩና አወጣሁት።

«እማዬ፣ እዚያ ያለው ሙሉሰው አይደለም። ሥጋውም አይደለም። አባባ ዳዊት ሲገለብጥ አይተሽ የለ? ቃሉ የዳዊት ነው፣ ብራናው ሌላ ነው። እኛም ከሙሉሰው ደም ያነበብነውን ገልብጠን ሌላ ሴል ላይ ጻፍነው። የምመግበው ብራናውን ነው።»

የጸሐፊ ሚስት አይደለች? ወዲያው ገባት። ከማሽላው አንድ ጠጠር ለቅማ ጣለችና ብራናው የማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይህን አልጠበቅኩም። ከሃምሳ ዓመት በፊት በባሕር ማዶ ሳትወለድ ከቀረች ሕፃን ኩላሊት የተወሰደ ሴል መሆኑን፣ እሱ ሲራባ ሲራባ እኛ ዘንድ መድረሱን ነገርኳት። የማን ልጅ ናት አለች። አይታወቅም አልኩ። ስሟስ? ስም የላትም። እናቷ አልቅሳላታለች ወይ ስትለኝ እሱንም አላውቅም አልኩ። ለራሷ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር አጉረመረመች።

«የኔን ልጅ አዝላልኝ ስትኖር ማንም አልነገረኝም» አለች።

የሚቀጥለው ልቅሶ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። እማዬ ግን ሰፌዱን ወደ ጎን አድርጋ አፍጥጣ አየችኝ።

«ደግሞስ መሞቱን የማላውቅ መስሎሻል? ዓይኑን የከደንኩት እኔ፣ የገነዝኩት እኔ።»

ንዴቴ መጣ። ታዲያ ለምን ከልሽን አወለቅሽ፣ ለምን ቄሱን መለስሽ፣ ለምን ከዚያ ድረስ አስመጣሽኝ ብዬ ጮህኩባት። ጨርሼ እስካወጣው ጠበቀችኝ።

«አንቺ የምትደውዪልኝ ለበዓል ለበዓል ነበር። እሱን መመገብ ከጀመርሽ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ድምፅሽን እሰማለሁ። ተዝካሩን ካወጣሁ የሙሉሰው ነገር አለቀ። ከዚያ በኋላ ምን ብለሽ ትደውያለሽ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጭኗ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ በመርዶዬ ቀን ያላለቀስኩትን ጭምር። እሷ ፀጉሬን እየነካካች፣ ጌሾ ለመውቀጥ ቀኑ አጥሮብናልና ጎረቤት ጠላ ያውሰን አለች።

ተዝካሩ በቀኑ ወጣ። እማዬ ከሏን መልሳ ለበሰች። ቄስ መንግሥቴ የወንድሜን የክርስትና ስም፣ አሥራተ ማርያምን፣ እየጠሩ ጸለዩለት። እማዬ ያችንም ልጅ ይጥሩልኝ ብትላቸው ክርስትና ያልተነሳችን በምን ስም ልጥራት አሉ። አልተከራከረቻቸውም። ከዳቦው አንዱን ለብቻ አስቆርሳ፣ ይቺ የዚያች ልጅ ናት እያለች በገዛ እጇ ለነዳያን አደለችው።

አዲስ አበባ ስመለስ የአርባ አንድ ሥራ አልቆ ሴሎቹ ወደ ማቀዝቀዣው ተመልሰው ነበር። በማግስቱ የመመገቢያዬ ሰዓት ሲደርስ እጄ ሥራ ፈታ። ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ፣ እንደገና አነሳሁ። የምነግራት አንድም ነገር የለኝም። ደወልኩ።

ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። ምን ሆንሽ አለችኝ በድንጋጤ።

«ምንም አልሆንኩም እማዬ። እንዲሁ ነው የደወልኩት።»

  በርጩማ ስትስብ ሰማሁ።

«እንዲሁ ነው? በይ ቆይኝ፣ ልቀመጥ» አለች።