ጭላዳ የማያስደነግጥ ጠመንጃ

ትዕዛዙ በሕይወቱ ገድሎ የሚያውቀው ትልቁ አውሬ ዶሮ ነው፤ እሱንም ሚስቱ ጥሩሸዋ ክንፉን ይዛለት፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ። ቀየት ከተማ ጌታነሽ አረቄ ቤት ከገባ ግን ሌላ ሰው ነው። አንድ መለኪያ ሲቀምስ ጅብ ይጥላል፤ ሲደግም ነብር ያነቃል፤ ሲሠልስ ጌታነሽ «በቃህ፣ አገሩን አውሬ ጨረስከው» ብላ ጠርሙሱን ታነሳበታለች። በአንድ ጥይት ሦስት ከርከሮ አጋድሞ፣ ጥይቷ ከሦስተኛው ሆድ ስትወጣ ደክሟት ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ስታርፍ አገኘኋት ያለ እሱ ነው። ሰው ይስቃል፣ እሱም ይጋበዛል፣ ማንም አይጎዳም።

ጣጣው የመጣው ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ያቺን ጉድ ጠመንጃ ከበርኖሳቸው ሥር ያወጧት ቀን ነው።

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሲስቁ አይቻለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ከትዕዛዙ ጋር ነው የሚቆጠረው። የዛሬ ሦስት ዓመት ታናሽ ወንድማቸው አባይነህ ቁራ ገደል አፋፍ ላይ በጥይት ተመትቶ ተገኘ። አገሩን ያስገረመው ሞቱ ብቻ አይደለም፤ ተኩስ ሰማሁ የሚል ሰው መጥፋቱ ነው። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ ወዲህ እኮ ክላሽ እንደ ከዘራ በዝቷል፤ ልቅሶ በተኩስ ይረዳል፣ ሠርግ በተኩስ ይደምቃል። ደም የሚመልስ ሰው እንኳ ተኩሶ፣ ፎክሮ፣ «እኔ የእገሌ ልጅ» ብሎ ነው ዱር የሚገባው። ታዲያ ድምፁ ሳይሰማ ሰው የገደለው ማነው? ደብረ ብርሃን የሚማረው የአባይነህ ልጅ ነቢዩም በመጣ ቁጥር «ስሙን ብቻ ንገሩኝ» እያለ ይመለሳል። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ደግሞ ጥያቄውን ጎርሰው ዝም አሉ።

ጠመንጃዋ አጭር ናት። በርኖስ ሥር ስትገባ ሰውየው ከዘራ እንኳ የያዘ አይመስልም። እንደ ክላሽ አትንጣጣም፤ እጀታዋን ስበው አንዳንድ ጥይት የሚያጎርሷት ናት። በላይዋ መነጽር ተቀምጦባታል፣ አፈሙዟ ላይ ደግሞ የእጅ ባትሪ የመሰለ ጥቁር ቧንቧ ተጠምዶባታል።

«ፈረንጅ አዳኝ ሲመራ የኖረ ሰው ዓለም ከተማ ላይ ለሙከራ ሰጠኝ» አሉ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል። «ቧንቧው ድምፅ ያፍናል አለኝ። ሚዳቋ ቢመቱባት የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ጠባቂ አይሰማም፣ ሌላው ሚዳቋም አይበረግግም ነው የሚለው። ከወደድኳት እይዛታለሁ፤ ካልወደድኳት እመልሳለሁ።»

«ታዲያ ትዕዛዙ ይፈትሻታ!» አለ ሥጋ ሻጩ ወንድምአገኝ። ነገር መለኮስ ይወዳል። «ከሱ ወዲያ አዳኝ አለ እንዴ?»

ትዕዛዙ ጠመንጃዋን ተቀበለ። አገላበጣት፣ አሸተታት፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ አዳመጣት። ከዚያ ከንፈሩን መጠጠ።

«ይቺማ ወሬኛ ናት» አለ። «የኔዋን ባያችኋት! በርኖስ ጠምጥሜባት ስተኩስ መተኮሴን ራሴ የማውቀው አውሬው ሲወድቅ ነበር። የዛሬ ሦስት ዓመት ቁራ ገደል አንድ ትልቅ ነገር ጣልኩባት፤ አጠገቡ የሚግጡት ጭላዳዎች ቀና እንኳ አላሉም!»

ለምን ሦስት ዓመት አለ? ለምንስ ቁራ ገደል? ውሸት ቤቷን ስትሠራ እንጨት የምትለቅመው ከቅርቧ ነው፤ ያ ስም ደግሞ ሰው ሁሉ ሲያነሳው ሲጥለው ስለከረመ አፉ ደጃፍ ላይ ነበር።

የሳቀ ሰው የለም። የጌታነሽ እጅ ከነጠርሙሱ አየር ላይ ቀረ። ወንድምአገኝ መለኪያውን አስቀምጦ መሬት መሬት ያይ ጀመር።

«ምን ነበር የጣልከው?» አሉ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል፣ ቀስ ብለው።

«አ… አውሬ ነዋ።»

«ምን አውሬ?»

«መሽቶ ነበር፣ ጋሼ።»

ጠመንጃዋን ከእጁ ወሰዱ፤ በርኖሳቸው ሥር አስገቡና ተነሡ። «ነገ ጠዋት ቁራ ገደል እንወርዳለን። አንተ ትፈትሻታለህ። ድምፅ የሌለው ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው።»

ጠዋት ትዕዛዙ ጫማውን ግራና ቀኝ አዛንቆ ሲያጠልቅ ጥሩሸዋ አየችው።

«ወዴት ነው?»

«አደን።»

«የት? አልጋው ሥር? አንድ አይጥ አለችልህ።»

«ከጋሽ ዓምደ ሚካኤል ጋር፣ ጥሩዬ። ቁራ ገደል።» ማታ ያለውን ነገራት። ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

«በል ታመም!»

«ብታመም ሊጠይቁኝ ይመጣሉ።»

«ሽሽ!»

«የሸሸ አመነ ነው የሚባለው።»

«እንግዲያው ዋሸሁ በላቸው!»

ትዕዛዙ ይኼንንም ሲያውጠነጥነው አድሯል። ውሸታም «ዋሸሁ» ሲል ሰው የትኛውን ይያዝለት? ያወራበትን አፍ ይዞ ሊማልበት ነው። ከደጅ በቅሎ አናፋች። ጥሩሸዋ ደረቱ ላይ አማተበችለት። እንዲህ አድርጋለት አታውቅም፤ እሱን ደግሞ ከጠመንጃው ይበልጥ ያስፈራው ይኸው ነበር።

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል በቅሏቸውን እዚያው አስረው በእግር እንሂድ አሉ። የጓሳ ጉም ሣሩን እስከ ወገቡ ውጦታል።

«አንተ ቅደም» አሉት። «መንገዱን ታውቀዋለህ።»

ትዕዛዙ መንገዱን አያውቀውም። ቁራ ገደልን የሚያውቀው ከአረቄ ቤት ወንበር ላይ ነው። ጀርባው ግን በዚያች ጠዋት ዓይን አብቅሎ ነበር፤ የበርኖሱ ጫፍ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ጠመንጃዋ ስትወጣ ይታየዋል። መንታ መንገድ ሲደርስ በግራው ታጠፈ፤ ወዲያው ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገባ።

«ወዴት ነህ?»

«በአቋራጭ ነው፣ ጋሼ።»

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል በከዘራቸው ወደ ቀኝ አመለከቱት።

ትንሽ እንደሄዱ ከጉሙ ውስጥ ፈረስ ብቅ አለ። የጓሳው ጠባቂ አስፋው ነው። የትዕዛዙ ልብ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። አሁን ይጮሃል፤ «አስፋው፣ ሊገድሉኝ ነው!» ይላል፤ አለቀ። አፉን ከፈተ። ያ ጥቁር ቧንቧ ጉሮሮው ላይ የተጠመደ ይመስል አንዲት ቃል አልወጣ አለችው።

«እንዴት አደሩ ጋሽ ዓምዴ? ወዴት ነው በማለዳ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በግ ጠፍታን ነው።»

አስፋው እጃቸውን አየ፣ በርኖሳቸውን ከላይ እስከ ታች አየ። «ይቅናችሁ» አለና ፈረሱን ኮለኮለ። ኮቴው እስኪጠፋ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ጠበቁ።

«አየህ? ከነመነጽሯ አልታየችም። ትደበቃለች ብሎኝ ነበር የሰጠኝ ሰው፤ እውነቱን ነው።»

ቁራ ገደል ሲደርሱ ጉሙ ትንሽ ገለጥ ብሎ ነበር። አፋፉ ላይ ጭላዳዎች ቂጣቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ከነሱ ወዲያ አንድ ነጭ ድንጋይ አለ። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ጠመንጃዋን አወጡ፣ እጀታዋን አንሥተው ሳቡ፣ ጥይት አጎረሱ፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው አለሙ።

አቧራ የጠጣ የሱፍ ባና በዱላ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ወጣ። ይኸው ብቻ ነው። የነጩ ድንጋይ ጫፍ በነነ።

ጭላዳዎቹ ቀና እንኳ አላሉም።

ያኔ ነው ትዕዛዙ ፍርሃት ምን እንደሆነ የገባው። እስካሁን የፈራው ዳር ዳሩን ነበር። አረቄ ቤት የፈለሰፈው ውሸት ፊት ለፊቱ በእግሩ ቆሞ ይሄዳል። እዚህ ቢወድቅ ማን ይሰማል? ጥሩሸዋ አትሰማም፤ አስፋው ፈረሱ ላይ እያፏጨ ይሄዳል፤ ጭላዳዎቹም አንዴ ገልመጥ አድርገውት ሣራቸውን ይነጫሉ።

«አባይነህ የወደቀው እዚያ ድንጋይ ሥር ነው» አሉ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል። ድምፃቸው ከጠመንጃዋ ድምፅ ያነሰ ነበር። «የተኮሰው እዚህ እኛ የቆምንበት ቆሞ ነው። እንግዲህ ተራው ያንተ ነው፤ እስቲ ምታው።»

ጠመንጃዋንና አንዲት ጥይት ሰጡት። ቀኝ እጃቸውን በርኖሳቸው ውስጥ ከተቱ፤ እዚያ ውስጥ ሽጉጥ እንዳለ አገር ያውቃል።

የትዕዛዙ ጭንቅላት እንደ ወፍጮ ዞረ። ቢመታው ገዳይ ነው። ቢስተው ሆን ብሎ ሳተ ይሉታል። ሳያስበው ጠመንጃዋን የያዛት ቀሳውስት መቋሚያ እንደሚይዙት ነው፤ ቧንቧዋ ከፊት ትከብዳለችና አፍንጫዋን መሬት ደፋች። እጀታዋን ወደፊት ገፋት። እምቢ አለች። ወደ ጎን ጠመዘዛት።

«ወደ ላይ» አሉ ጋሽ ዓምደ ሚካኤል።

ወደ ላይ አነሣት፤ ተከፈተች። ጥይቷን ሊያስገባ ሲል አልገባ አለችው። በአውራ ጣቱ ተጫናት፣ በመዳፉ ደበደባት። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል።

«ገልብጣት» አሉ። «በቂጧ ነው ያጎረስካት።»

ገለበጣት። ከዚያ በቁልፍ ቀዳዳ ጎረቤት እንደሚሰልል ሰው ዓይኑን መነጽሩ ላይ ልጥፍ አደረገ። ሰደፏ ትከሻውን አልነካችም፤ ብብቱ ሥር ነው የዋለችው። ቅዱስ ሚካኤልን ጠራ፤ ዓይኑን እንደ ዶሮው ቀን ጨፈነ፤ ምላጩን ሳበ።

መነጽሩ ቅንድቡን ገጨው። ትዕዛዙ በጀርባው ተዘረረ። እጁን ግንባሩ ላይ ቢያሳርፍ ትኩስ ደም።

«ተመታሁ!» ብሎ ጮኸ። «ገደሉኝ ጋሽ ዓምዴ! ድምፁ እንኳ ሳይሰማ ገደሉኝ! ለጥሩሸዋ ንገሩልኝ! አቡነ ዘበሰማያት ይትቀደስ ስምከ…»

አሁን ጭላዳዎቹ በረገጉ፤ ጩኸቱን ሰምተው ገደል ለገደል ተበተኑ። ጥይቷ የት እንደደረሰች እስከ ዛሬ አልታወቀም። ምናልባት አንዱ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ እያረፈች ይሆናል።

ጸሎቱን ጨርሶ ባይሞት ጊዜ ትዕዛዙ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ጋሽ ዓምደ ሚካኤል ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የሚስቁ መሰለው። እየሳቁም ነበር። ሳቁ ግን መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ በበርኖሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበሱ።

«አንተ ዶሮም አልገደልክ» አሉት።

«አንድ ገድያለሁ፣ ጋሼ። ጥሩሸዋ ይዛልኝ ነው።»

«ታዲያ ወንድሜን ማን ገደለው?» የጠየቁት እሱን አልነበረም፤ ነጩን ድንጋይ ነው። «እኔ ደግሞ አገኘሁ ብዬ… ሌሊቱን ሙሉ አገኘሁ ብዬ።»

ከትዕዛዙ ነጠላ ጠርዝ ቀድደው ግንባሩን አሰሩለት። ጠመንጃዋን አንሥተው ጭቃዋን ጠረጉ።

«እመልሳታለሁ» አሉ። «ለአዳኝ ጥሩ ናት። አጭር ናት፣ ትደበቃለች፣ አውሬ አታስበረግግም። ከፊት ትከብዳለች እንጂ ሌላ እንከን የላትም። ግን እንዲህ ያለች በአገራችን ከገባች ማን ማንን እንደገደለ ሳናውቅ ልናልቅ ነው። የወንድሜ ይበቃኛል።» ትዕዛዙን ደግፈው አነሡት። «አንተም ሁለተኛ ቁራ ገደልን በአፍህ እንዳታነሳ።»

«ገደል የሚባል ነገር አላነሳም፣ ጋሼ!»

ጋሽ ዓምደ ሚካኤል በማግስቱ ወደ ዓለም ከተማ ወረዱ። ትዕዛዙ ቁስሉ እስኪደርቅ ቤቱ ከረመና አንድ ቀን ከሰዓት አላስችል ብሎት ጌታነሽ ዘንድ ብቅ አለ። ቅንድቡ ላይ አዲስ የተወለደች ጨረቃ የምትመስል ጠባሳ አለች።

«ምን ነካህ?» አለች ጌታነሽ።

«የጠመንጃ መነጽር መታኝ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ትዕዛዙ ከተወለደ እውነት ሲናገር ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ያመነው ግን አንድም ሰው የለም።

«ይኼ ሰው ትሑት ሆነብን!» አለ ወንድምአገኝ ተነሥቶ። «የነብር ጥፍር አይደለም እንዴ ይኼ? እኔ ልንገራችሁ! ከጋሽ ዓምዴ ጋር ቁራ ገደል ወርደው…»

«ወንድምአገኝ፣ በሥላሴ!»

«…ነብሯ ስትመጣበት በቡጢ! ቁራ ገደል እኮ ቤቱ ነው። ያኔም በዚያች ድምፅ በሌላት ጠመንጃ ትልቁን ነገር የጣለው እዚያው አይደል?»

በሩ ላይ ብርሃን ጨለም አለ። አንድ ወጣት የደብተር ቦርሳውን እንዳነገተ ቆሟል፤ ጫማው የመንገድ አቧራ ነው። ከደብረ ብርሃን አውቶቡስ አሁን መውረዱ ነው። ነቢዩ፣ የአባይነህ ልጅ።

«ጋሽ ትዕዛዙ» አለ በጣም በትሕትና፣ «ቁራ ገደል ምን ጣልኩ አሉ?»

ትዕዛዙ ጥጉን አየ። የጋሽ ዓምደ ሚካኤል ወንበር ባዶ ነው፤ ከዓለም ከተማ ገና አልተመለሱም። ወንድምአገኝን አየ፤ ወንድምአገኝ መሬት መሬት ያያል። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ጠብ ማለት ጀመረ።

«ጌታነሽ!» ብሎ ጮኸ። «ሰው ላኪልኝ፣ ጥሩሸዋ ቶሎ ትምጣ! ዶሮም ይዛ ትምጣ፣ ቢላዋም! ይኼ ልጅ ቁጭ ብሎ በዓይኑ ይይልኝ!»