በኩርሙክ ቁልቁለት ላይ የተናገርኩት

እኔ ሰንበቴ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። ባምባሲ ገበያ ልብስ ስሸጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመስክር፤ ዋጋ ጠይቆ፣ ጨርቁን አገላብጦ፣ ሳይገዛ የሚሄደውን ሰው መንገድ ድረስ ተከትዬ ነው የምሰድበው። ባሌ ሂርጳ፣ «አንቺ ሴት፣ ምላስሽ እኮ ካንቺ ቀድሞ ነው የሚደርሰው» ሲለኝ እስቅ ነበር። አሁን ሲለኝ አልስቅም።

ያን ቀን ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ የምወርደው ለገበያ ነው። ልብሴን በማዳበሪያ ጠቅጥቄ ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስጭኛለሁ። ኩርሙክ ማልዶ ያልደረሰ ጥላ ያለው ቦታ አያገኝም፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ መዋል ነው። ያርፍድብሽ ሲለኝ ደግሞ ዘግይተን ተነሳን። በማን ምክንያት? በእኔው ምክንያት፤ ጫኞቹን ስጨቀጭቅ። ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ተቀምጬ ግን እሱን ነበር የማስቸኩለው።

ሹፌሩ ሻዕባን ይባላል። የበርታ ልጅ ነው፤ እዚያው መንገድ ዳር ተወልዶ ያደገ፣ ረጋ ያለ፣ ሰው ሲያናግረው ቀና ብሎ የማያይ። ዓመታት በረዳትነት ተንከራትቶ መሪ የጨበጠው ገና በቅርቡ ነው። ሚስቱም እርጉዝ ናት። ይህን ሁሉ ያወራኝ እሱ ራሱ ነው፣ ሆሞሻ እስክንደርስ።

ከሆሞሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን ገባ። ያ መንገድ በበጋ ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል። ጠመዝማዛ ነው፣ በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላው በኩል ገደል፣ መሬቱ ዱቄት። የመኪናው አቧራ ዋጠን። መስኮት ስንዘጋ ሙቀቱ ሊፈጀን፣ ስንከፍት አቧራው አፍንጫችንን ሊደፍነው። ከኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። ከሁሉም የባሰው የኔ ድምፅ ነበር።

«ሻዕባን፣ እለፈው እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?»

«እማማ ሰንበቴ፣ ጠብቅ ትንሽ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛው። «ሴቶች አለ መንገድ ላይ። በዚህ ሰዓት ከወንዝ ይመጣል። ሸክም አለ፣ ቶሎ አይዞርም።»

የበርታ ሴት ሸክሟን ጀርባዋ ላይ አታዝልም። ረጅም ዘንግ ትከሻዋ ላይ ታሳርፍና ከፊት ጀሪካን፣ ከኋላ ማገዶ አንጠልጥላ ትሄዳለች። መኪና ሲመጣባት ወደ ዳር ዞር ስትል፣ የዘንጉ የኋላ ጫፍ ወደ መንገዱ ይወጣል። የአገሩ ሹፌሮች ይህን ስለሚያውቁ ገና ከሩቅ ፍጥነት ቀንሰው፣ ዞራ እስክትረጋጋ ይጠብቋታል። እኔ ግን ይህን አላውቅም አልልም። ባምባሲ ስንት ዓመት ኖሬ! በየገበያው ቀን ነው የማያቸው። ደግሞም ነገረኝ። በቃሉ ነገረኝ።

እኔ ምን አልኩት? አፌን በቆረጠው ኖሮ። ጮክ ብዬ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ ተናገርኩት፤ ሰዉም ሳቀ። ከኋላ አንዱ አጨበጨበ። ሻዕባን ከንፈሩን ነከሰ። ያ ሳቅ ነው የጎዳው፤ የኔ ጩኸት ብቻ ቢሆን ይችለው ነበር። ክላክሱን ረጅም አድርጎ ነፋና ደርቦ ወጣ።

የጭነት መኪናውን አልፈን ከአቧራው ስንወጣ አንዲት ሴት ከነሸክሟ እዚያው ነበረች፣ በእኛ በኩል፣ አፍንጫችን ስር። አየችን፤ ወደ ዳር ዞረች። የዘንጉ ጫፍ ወደኛ መጣ። ሻዕባን ፍሬን ረገጠ፣ ግን ምን ያደርጋል። ዘንጉን መታነው። ዘንጉ እሷን ይዞ ተሽከረከረና ድንጋይ ላይ ወረወራት። ጀሪካኑ እየተንከባለለ ገደል ገባ።

«ያ ረብ! ያ ረብ!» እያለ ሻዕባን ወርዶ ሮጠ። ጭንቅላቷን አቅፎ በቋንቋቸው ይጠራታል። ወጣት ናት፣ ሳሊማ ትባላለች፤ ስሟን የሰማሁት ያኔ ነው። እኔስ? እኔ ጋቢና ውስጥ ደርቄ ቀረሁ፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ደግሞ ምን እንደነበር ልንገራችሁ፤ «ገበያው አመለጠኝ» የሚል ነው። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ሰው መሬት ላይ ወድቆ!

ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቅ ሁሉም «ደርቦ ሲያልፍ ነው» አለ። ያ ያጨበጨበውም ጭምር። እኔን ሲጠይቀኝ፣ «አቧራ ነበር፣ በደንብ አላየሁም» አልኩ። ዕድሜ ልኬን ስቀባጥር የኖርኩት ሴትዮ፣ መናገር በነበረብኝ ሰዓት አፌ ተለጎመ።

ቤቴ ገባሁ። እህል አልወርድ አለኝ። ሂርጳ «አሞሻል እንዴ?» ሲለኝ ጮህኩበት። ሻዕባን በዋስ መውጣቱን ሰማሁ። ቀጥሎ ሼኽ ዓብዱልላጢፍ የሚባሉ የአገር ሽማግሌ ላኩብን፤ ከሳሊማ ቤተሰብ ጋር ሽምግልና አለ፣ ተሳፋሪዎች መጥተው ያዩትን ይናገሩ ተባለ። ቤተሰቡ ከታረቀ ለፍርድ ቤት ቃሉን ይሰጣል፣ ፍርዱም ለሻዕባን ይቀልለታል። ካልታረቀ ግን እስር አይቀርለትም፣ መንጃ ፈቃዱም እንደሄደ ነው። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች «እኛን ምን አገባን» ብለው ቀሩ። እኔ ስኳር ገዝቼ ሄድኩ።

ሳሊማ ግቢያቸው ውስጥ ካለው ማንጎ ጥላ ስር አልጋ ወጥቶላት ጋደም ብላለች። ቀኝ ትከሻዋ እስከ ክንዷ ታስሯል። ሐኪሞቹ ያ ትከሻ ከእንግዲህ ሸክም አይችልም ብለዋል። ሻዕባን ከፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀምጦ አቧራ የለበሰ ጫማውን ያያል። ከስቷል።

ሼኹ ለእኔ ሲሉ በአማርኛ ነው የጀመሩት። «አንቺ እህታችን፣ ያየሽውን ንገሪን።»

«እኔም… ቸኩዬ ነበር» አልኩ። «ቶሎ በል ብዬዋለሁ። ጥፋት አለብኝ።» ይህን ማለቴ ትልቅ ነገር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር።

የሳሊማ ወንድም ጁምዓ ተነስቶ ውሃ አምጥቶ ሰጠኝ። በሁለት እጁ። «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ እናቴ» አለኝ። «የኛ ሴቶች እንዴት እንደሚሄድ አታውቂም። ባንቺ ላይ ምንም የለም።» ውሃውን ጠጣሁት። ወይ እኔ! ጠጣሁት እኮ፣ ጥም እንደያዘው ሰው ጭልጥ አድርጌ።

ከዚያ ጁምዓ ወደ ሻዕባን ዞረ። «ሹፌሩ ከሩቅ የመጣ ቢሆን ዛሬ እታረቅ ነበር። ይሄ ግን የኛ ልጅ ነው። እናቱ ዘንግ ተሸክማ ነው ያሳደገችው። ሴቶች በዚያ ሰዓት እንደሚወጡ ያውቃል። እንዴት ይረሳናል?»

«ረስተህ ነው ወይ?» አሉት ሼኹ።

ሻዕባን ቀና አለ። ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ፣ ትንሽ ብቻ፤ ቁጣም አልነበረበትም። ተመልሶ አቀረቀረ።

«አዎ» አለ። «ረሳሁ።»

«ሰማችሁ?» አለ ጁምዓ። «ረስቶናል። አልታረቅም።» ሊሄድ ፊቱን አዞረ።

«ውሸቱን ነው!» ብዬ ተነሳሁ። ብርጭቆው ከእጄ አመለጠ። «ማሎ፣ ማሎ፣ እባክህ ቁም! አልረሳችሁም! ሴቶች አሉ፣ ጠብቂ ብሎኛል። በቃሉ ነግሮኛል!»

ጁምዓ ቆመ። ግቢው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ሼኹ ግን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «እሱ ነገረሽ። አንቺስ ምን አልሽው?»

«እንዲቸኩል… ቶሎ እንዲያልፍ…»

«ያልሽውን እንዳለ ንገሪን፣ ልጄ። እሷም ትስማው።»

ያኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሳሊማ ከአልጋዋ ታየኛለች። አማርኛ በደንብ ባታውቅ ብዬ ተመኘሁ፤ አየኋት፤ ታውቃለች። ተናገርኩት፤ አንዲት ቃል ሳልቀንስ።

«‹ሴቶቹ ራሳቸው ዞር ይበሉ፤ እነሱ ሲያዘግሙ እኔ አቧራ ስበላ ልዋል? አንተ ሹፌር ነህ ወይስ የውሃ ቀጂ ዘበኛ? ካልቻልክ መሪውን ለወንድ ስጥ!› ነው ያልኩት። ሰዉም ሳቀበት።»

ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ እችላለሁ፣ ሙያዬ ነው። አንዲት አሮጊት ብቻ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ብለው ምራቃቸውን ዋጡ።

ጁምዓ ሻዕባን አጠገብ ሄዶ ተንበረከከ። «ለምን አልተናገርክም?»

«እናት ነው» አለ ሻዕባን። «እናት እንዴት ይከሰሳል? መሪው ደግሞ እኔ እጅ ነበር።» ይህን ብሎ አለቀሰ፤ እንደ ሕፃን ልጅ ተንሰቀሰቀ። ጁምዓ ትከሻውን ይዞ አስነሳው። ሼኹ እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ታረቁ። እኔም ለሻዕባን ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ግን የማንጎውን ግንድ ተደግፌ ብቻዬን ቆምኩ።

ሲያበቃ ሰዉ በተራ ሳሊማን መሰናበት ጀመረ። ቀኝ እጇ ታስሮ ስለነበር በግራዋ ነው የምትጨብጠው። ሻዕባንም ቀረበ፤ እጇን ሰጠችው፣ የሆነ ነገር አለችውና ግንባሩን ነካችው። የኔ ተራ ደረሰ። ጎንበስ ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ሳሊማ አየችኝ። ከዚያ ግራ እጇን ቀስ ብላ ከተከናነበችው ቶብ ውስጥ ከተተችው።

እኔም እሷን ብሆን አልሰጥም።