አርባ ለአርባ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ሳይ ከፊቱ በፊት ኮቱን አያለሁ፤ የምክር ቤት አባል ከሆንኩ በኋላም ይህ አመል አልለቀቀኝም። የዚያን ቀን ጠዋት የተፎካካሪያችን ፓርቲ ተጠሪ አዲስ ጥቁር ኮት ለብሶ በመተላለፊያው አለፈ። ኮቱ ሱቅ ውስጥ ሲሰቀል የጀርባው ስንጥቅ እንዳይከፈት የሚያያዝበት ነጭ ክር እንኳ አልተፈታም። ምን እንዳስቸኮለው አልገባኝም። «ይሄስ ለሹመትም ለለቅሶም ይሆናል» ብዬ በሆዴ ቀለድኩ። ምላሴን በቆረጠው!

የክልላችን ምክር ቤት ሁለት ቤት ነው። የላይኛው ቤት ሽማግሌዎች የሚያንቀላፉበት ስለሆነ እሱን እንተወው። ሕግ የሚወጣው፣ በጀት የሚቆረሰው በታችኛው ነው። ቤቱን ያቋቋሙት ብልሆች ከአርባ ወረዳ ሁለት ሁለት ሰው ይመረጥ ብለው ሰማንያ ወንበር ደረደሩ። ሰማንያ እኩል ለሁለት እንደሚካፈል አንዳቸውም ትዝ አላለውም። ባለፈው ምርጫ እኛ አርባ፣ እነሱም አርባ ሆነን ቁጭ አልን። አንድ ሰው ጉንፋን ሲይዘው መንግሥት የሚናጋበት ቤት ሆነ።

መላው የቆየ ልማዳችን ነበር፤ መጣመድ እንለዋለን። ከአንዱ ወገን አባል ቢታመም ወይም ሐዘን ቢደርስበት፣ ከሌላው ወገን አንድ ሰው ቃል ሰጥቶ አብሮት ይቀራል። አንዱ በሬ ሲታመም ሌላው ብቻውን አያርስም፣ ነገሩ ይኸው ነው። የትም አልተጻፈም። የሚያስከብረው የሰው ቃል ብቻ ነው። የእኔ ጥማድ አዋላጇ ነበረች።

አዋላጇ ከእነዚያኞቹ ፓርቲ ናት። የወረዳዋን ግማሽ ሕዝብ በእጇ ተቀብላ ወደዚህ ዓለም ያስገባች ሴት ስለሆነች፣ የመረጧትም ራሷ ያዋለደቻቸው ናቸው እየተባለ ይቀለድባታል። እኔና እሷ በአንድም ሕግ ተስማምተን አናውቅም፤ ስንከራከር የአፈ ጉባኤው እጅ መዶሻ በመምታት ይዝል ነበር። ነገር ግን ሚስቴ በሕይወት ሳለች፣ ሕመሟ በጠናባት ጊዜ ሁሉ አዋላጇ እየቀረችልኝ አስታምሜያታለሁ። አንድም ቀን ውለታ አልቆጠረችብኝም። ባለ ጥቁር ኮቱ ተጠሪ ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ገና ዳዴ ይል ነበርና አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

ባሏ ሆስፒታል ከገባ ሰንብቷል። አሳንሰር ጠጋኝ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን ገመድ ሲስብ የኖረ ሰው ነው።

«ሌላ ምንም አልለመነኝም» አለችኝ በዋዜማው፣ የምክር ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመን። «'ብቻዬን አልሙት፤ ዓይኔንም አንቺ ክደኚልኝ' ነው የሚለኝ። ሐኪሙ ዛሬም ነገም ሊሆን ይችላል ብሎኛል። ነገ አልመጣም።»

«ሂጂ» አልኳት። «እኔም አልገባም።»

«ነገ እኮ የአፈ ጉባኤ ምርጫ ነው። የእናንተ ሰዎች ይበሉሃል።»

«ይብሉኝ። አጥንት ነው የሚተርፋቸው።»

ሳቀች። ከዚያ እጄን ጨብጣ እየሮጠች ወረደች።

ምርጫው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ደወል ሲደወል በሩ ይቆለፋል፤ አፈ ጉባኤ ሳይሰየም ማንም ቢመጣ አይከፈትም። ድምፁ እኩል ከሆነ በመሃል ለምክክር ረጅም ሰዓት እየተሰጠ ይደገማል። ሦስት ጊዜ እኩል ከወጣ ሁለቱ ፓርቲዎች ወንበሩን በየዓመቱ ይፈራረቁበታል። እኔና አዋላጇ ስንቀር ሠላሳ ዘጠኝ ለሠላሳ ዘጠኝ ይሆናል፣ ማታ ላይ ወንበሩን ተካፍለን እንወጣለን ብሎ ሁሉም አምኖ ነበር። የእነሱ ዕጩ የሆነው ተጠሪው ግን መካፈል አልፈለገም።

የእኛም ሰዎች ጻድቃን አልነበሩም። የፓርቲያችን ሊቀ መንበር ከደወሉ በፊት ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ሴትዮዋ ሆስፒታል ናት። ግባና እጅህን አንሳ፣ ወንበሩን ጠቅልለን እንውሰድ።»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ!»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባልም ሰምቻለሁ» አልኩት።

«አንተ ምን አለብህ» አለኝ። «የወለድከው የለ!»

ይህን ብሎ ገባ። እኔና ሚስቴ ልጅ ፈልገን ስንት ዓመት እንደተንከራተትን አሳምሮ ያውቃል። በኋላም ከፓርቲው ያስባረረኝ እሱ ነው።

በመተላለፊያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፊት ለፊቴ አባላት ሲገቡ ስልካቸውን የሚያስቀምጡባቸው ቁጥር ያላቸው ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ አባል ተኝቶ ሲያንኮራፋ ተቀርጾ አገር ከሳቀበት ወዲህ የመጣ ደንብ ነው። ከሳጥኖቹ በላይ የአዳራሹን ውሎ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል።

ተጠሪው ከአዳራሹ ወጣ። በእጁ የያዘውን ስልክ ወዲያው አወቅኩት። መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ ላይ የቁስል ፕላስተር የተለጠፈበት ስልክ ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ያላት አዋላጇ ብቻ ናት። ሳጥን ውስጥ ሊከተው ሲል ጮኸ። የደወለውን አይቶ ትንሽ አመነታና «ሃሎ» ብሎ አነሳው።

ከስልኩ ውስጥ የልጅ ልቅሶ ተሰማኝ። ሴት ልጇ ናት። «አጎቴ! እማዬስ? አባዬ... አባዬ እኮ...» የቀረው ሲቃ ነበር።

«መቼ?» አለ ተጠሪው። አዳመጠ። «እሺ። አይዞሽ የኔ ልጅ። ለእናትሽ መልሰሽ እንዳትደውዪ። እኔ ራሴ እነግራታለሁ።»

ስልኩን አጥፍቶ በቁጥሯ ሳጥን ውስጥ ከተተና ከደነው። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን።

«ዛሬ አትገባም?» አለኝ።

«ቃሌ ነዋ።»

«ጥሩ ሰው ነህ» አለኝ። እያሾፈ አልነበረም፤ ከልቡ ነው ያለው። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

ደወሉ ተደወለ። ተጠሪው ገባ፣ ዘበኛው በሩን ቆለፈ። እኔ የልጅቷ ልቅሶ ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ ስልኩ የተቀመጠበትን ሳጥን አያለሁ። ሰውየው ሞቷል። እሱስ እሺ፤ ግን እናትየው ከአልጋው አጠገብ ከሆነች ልጅቷ ለምን «እማዬስ?» አለች? ስልኳስ እዚህ ምን ይሠራል? ቀና ብዬ ቴሌቪዥኑን አየሁ። አዋላጇ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች።

የቤት ሹራቧን እንኳ አላወለቀችም። ከምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ በሚመጣው የጓሮ በር አስገብተዋታል። ወንድሟ እንዴት እንዳመጣት በኋላ ራሷ ነገረችኝ። ሆስፒታል ድረስ ሄዶ «ልብስ ሰፊው ከድቶሻል፤ ገብቶ ተቀምጧል። አርባ ለሠላሳ ዘጠኝ ሊያደርጉን ነው። እጅሽን ብቻ አንስተሽ ትመለሻለሽ፤ መኪናው እንደቆመ ይጠብቅሻል» አላት። ባሏ ተኝቶ ነበር። ግንባሩን ስማ «መጣሁ» አለችው። መንገዱን ሁሉ እኔን ስትረግም መጣች። አዳራሽ በር ላይ ስልኳን «ስጪኝ፣ እኔ አስቀምጥልሻለሁ» ብሎ ተቀበላት።

ተነስቼ በሩን መደብደብ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ ኧረ ተዉ!» አለኝ ዘበኛው። «ደወሉ ተደውሏል እኮ።»

«ባሏ ሞቷል! አንድ ቃል ብቻ ልንገራት!»

ደነገጠ። ቁልፉን ጨበጠ፣ መልሶ ለቀቀው። «ነፍስ ይማር። ግን ብከፍት ዛሬውኑ ነው የምባረረው። የልጆች አባት ነኝ ጋሼ።»

በጡጫ፣ በእግሬ፣ በትከሻዬ መታሁት። ድብደባው አዳራሹ ውስጥ ተሰምቶ ኖሮ በቴሌቪዥኑ ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ከእኛው ፓርቲ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ልብስ ሰፊው ነው፣ መርፌ ጠፍቶበት ይሆናል!» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሰባ ስምንት ሰው ሲስቅ አዋላጇ ብቻ አልሳቀችም። ቀስ ብላ ዞራ ባዶ ወንበሬን አየች። ከዚያ ወንድሟን አየችው።

ምርጫውን የሚመሩት በዕድሜ የሁሉም ታላቅ የሆኑት አባል፣ «ለተጠሪው ድምፅ የምትሰጡ እጃችሁን አንሱ» አሉ። እጆች ወጡ። ተቆጠሩ። ሠላሳ ዘጠኝ። አዋላጇ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አጥብቃ ይዛ ተቀምጣለች።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁና ማንም እንዳይክደኝ። እንደተታለለች ገብቷት ነበር፤ ለተቀናቃኟም ቢሆን ቃሏን ልትጠብቅ ቆርጣ ነበር።

ተጠሪው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ያላትን ራሷ ደግማ ነግራኛለች፤ ድምፁ ለስላሳ ነበር አለችኝ።

«እትዬ፣ ካላነሳሽ እኩል ለእኩል ነን። እስከ ማታ እዚሁ ተቆልፈን መዋላችን ነው። እሱ ደግሞ እየጠበቀሽ ነው። አንሺውና ሂጂለት።»

ይህን ሲላት ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው። ሰውየው መሞቱን እሱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ዘበኛው ያውቃል። እሷ ብቻ አታውቅም። በሩን በግንባሬ መታሁት። ዘበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ቀኝ እጇን አነሳች።

አርባ። ሽማግሌው መዶሻውን መቱ። ተጠሪው ወደ መድረኩ ሲወጣ ያ ነጭ ክር በጥቁሩ ኮት ጀርባ ላይ በቴሌቪዥኑ ጎልቶ ይታይ ነበር። አዋላጇ ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ሲከፈት ለመሮጥ ወንበሯ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አዲሱ አፈ ጉባኤ ግን በሩ ይከፈት አላለም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት የምጀምረው በጥልቅ ሐዘን ነው። የአንዲት አባላችን ውድ ባለቤት ዛሬ በሞት ተለይተውናል። ለአንድ ደቂቃ በሕሊና ጸሎት እንድናስባቸው እጠይቃለሁ።»

ሁሉም ተነሳ። እሷም እንደ ልማዷ አብራ ተነሳች። የማን ባል እንደሆነ ለማወቅ ግራ ቀኝ አየች። ለዚያች ለማታውቃት ሴት ፊቷ ላይ ሐዘኔታ ነበር፤ ማንን ሄጄ ልቀፍ የሚል ፊት ነበር። ወደ ግራዋ ብታይ የሚያያት ሰው ነው፣ ወደ ቀኟም ብታይ እንደዚያው። ከኋላዋ ያለችው ሴት ትከሻዋን ስትይዛት ክው አለች።

ደቂቃዋ እስክታልቅ ማንም አልተንቀሳቀሰም። እሷም እንደቆመች ቀረች።

በሩ ሲከፈት ሳጥኗን ከፍቼ ስልኩን ሰጠኋት። ተቀበለችኝና አላየችውም።

«አልገባህም» አለችኝ።

«አልገባሁም።»

«መቼ ነው?»

ዋሽቼ ላሳርፋት እችል ነበር። ግን አልዋሸሁም፤ ደሜ ፈልቶ ነበር። «ከደወሉ በፊት» አልኳት። «ልጅሽ ደውላ ነበር። ያነሳው ወንድምሽ ነው።»

በዚህ መሃል እሱ ራሱ በአጃቢ ተከቦ ወጣ። ሰዎቹ አንድ ጊዜ «እንኳን ደስ አለህ»፣ አንድ ጊዜ «እግዜር ያጽናህ» እያሉ እጁን ይጨብጣሉ። እሱም ለሁለቱም እኩል አንገቱን ይነቀንቃል።

«እትዬ» አላት፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። እንባው የእውነት ነበር። «ልነግርሽ ነበር፤ ጊዜው አልተመቸም። የኔን መኪና ውሰጂ። የአፈ ጉባኤው መኪና ነው፣ መንገድ ይለቁልሻል።»

ትጮህበታለች፣ ፊቱን ትቧጭረዋለች ብዬ ጠበቅኩ። ሁሉም ጠበቀ። እሷ ግን ትከሻውን ይዛ ጀርባውን አዞረችው፤ ተማሪ ቤት ስትልከው እንደምታደርገው ይመስለኛል። ነጩን ክር በጥርሷ በጠሰችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይሄ ቀርቶብህ ነበር» አለችው።

በእኔ አሮጌ መኪና ሄድን። ማንም መንገድ አለቀቀልንም። መንገዱን ሙሉ ቀኝ እጇ ሹራቧ ኪስ ውስጥ ነበር።

የሆስፒታሉ ክፍል መስኮት ተከፍቷል። ልጅቷ ጥግ ላይ ወለሉ ላይ ተኮራምታለች። ሰውየው ነጭ አንሶላ እስከ አንገቱ ለብሶ፣ ዓይኖቹ ተከድነው ተኝቷል።

«ማነው የከደነው?» አለች አዋላጇ።

«እኔ... እኔ ፈራሁ፣ እማዬ» አለች ልጅቷ። «ውጭ ወጥቼ ለአንቺ ስደውል ነበር። ስመለስ ወለል የምታጸዳዋ ሴትዮ ከድናዋለች። ማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም።»

«ሲሞትስ? አጠገቡ ነበርሽ?»

ልጅቷ ፊቷን በጉልበቶቿ መሃል ቀበረች።

አዋላጇ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሰው ሲወለድ የሚቀበለውን፣ እትብት የሚቆርጠውን ቀኝ እጇን ከኪሷ አወጣችና ትንሽ አየችው። ከዚያ መልሳ ከተተችው፤ ፊቱን በግራዋ ዳበሰችው።