የዜሮ ሽምጠጣ አውቶብስ

የማያምን አለማመኑ መብቱ ነው፤ እኔ ግን ሁሉንም በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ።

ጋሼ፣ የአክስቴ ባል፣ አውቶብስ ነጂ ነው፤ እኔ ትኬት ቆራጩ። ሰዉ «መብረቅ» ይለዋል። ራሱ መብረቅ ቢሰማ ግን ስሜን አጠፋችሁ ብሎ ይከሳል። በማታ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ሁለቴ ወድቋል። አሁንም ከወደቀ ሲጠብቀው የኖረው የሾፌሮች አሰልጣኝነት ሹመት ለሚስቱ ወንድም ይሰጣል። ከእሱ ትእዛዝ ከመቀበል ደግሞ አውቶብሱን ይዞ ገደል ቢገባ ይመርጣል።

የጣለው ሽምጠጣ የሚባል፣ ፈረንጆቹ አክስለሬሽን የሚሉት ነገር ነው።

«በሰማንያ ቀጥ ብዬ እየነዳሁ ሽምጠጣህ ዜሮ ነው ይሉኛል?» አለ መምህሩ ላይ አፍጥጦ። «ቆሜ ነው እንዴ ያለሁት?»

«ፍጥነት ሌላ፣ ሽምጠጣ ሌላ» አሉ መምህሩ። «ሽምጠጣ ለውጥ ነው። ነገ አውቶብስህ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ይዤ እሳፈራለሁ። በፈሰሰ ቁጥር ምክንያቱን ከነገርከኝ አልፈሃል።»

በማግስቱ መምህሩ ባልዲውን እግራቸው መሃል አድርገው ከሾፌሩ ኋላ ተቀመጡ። ጋሼ ሲነሳ ውሃው ወደ ኋላ ተደፋ።

«ፍጥነት ጨመርኩ!» አለ ኮራ ብሎ።

ከዚያ ሰላሳ ላይ ሰካው። ውሃው እንደ ተኛ ድመት ጸጥ አለ። ጋሼ ደስ ሲለው ጊዜ መቆም የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጎ ተወው።

«ወራጅ አለ!»

«ዝም በሉ፣ ዜሮ ላይ ነኝ!»

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ፌርማታዬን አሳለፍከኝ! ተረኛ ነኝ!» አለች አንዲት ነርስ።

«እመቤት፣ ሳይንስ ነው፣ ታገሺ» አልኳት እኔ፣ ሰባተኛ ክፍልን እስከ በሩ ድረስ የማውቀው ምሁር።

አደባባዩ ጋ መሪውን ሲጠመዝዝ የባልዲው ግማሽ መምህሩ ጫማ ውስጥ ገባ።

«ጨመርክ?» አሉ እግራቸውን አንስተው።

«ይኸው ቆጣሪው፣ ሰላሳ ነኝ!»

«ቀነስክ?»

«በጭራሽ!»

«ታዲያ ማን ደፋው?»

ጋሼ አደባባዩን ደግሞ ዞረው። አሁንም ደግሞ። ነርሷ አዙሯት አንገቷን በመስኮት አወጣች። የሚስቱ ወንድም ፊት ሳይታየው አልቀረም፣ ላቡ በጆሮው ሥር ይንቆረቆራል።

«አቅጣጫዬ!» ብሎ ጮኸ በመጨረሻ። «ፍጥነቴ ያው ነው፣ አቅጣጫዬ ነው የሚለወጠው! እሱም ሽምጠጣ ነው!»

«አልፈሃል» አሉ መምህሩ። «አሁን ስለ ፈጠረህ ቁም።»

ጋሼ በደስታ ፍሬኑን ሲረግጠው የተረፈው ውሃ፣ ነርሷና እኔ ተያይዘን ወደ ፊት ሄድን። ተሳፋሪው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ።

እሺ፣ ጭብጨባውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። እጃቸውንስ አንስተው ነበር፤ ግን ለሌላ ጉዳይ።