ጋቢናው እስኪደርቅ

በዚያ ዓመት በልጉ አልዘነበም። ሐምሌ ገብቶም የቆቦ ሜዳ አቧራውን እንደያዘ ቆየ። ከብቱ ሣር ፍለጋ ወደ ዞብል ተነዳ፤ ግማሹ አልተመለሰም። ማሽላው ከጉልበት ሳያልፍ ቅጠሉን ጠቀለለ። ሰው ሁሉ ውሎው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጊዳን ተራራ ማየት ሆነ። እዚያ ላይ ከዘነበ በሆርማት ወንዝ በኩል ጎርፍ ይወርዳል። ጎርፉ ተጠልፎ በቦይ ይመራና በተራ በተራ ለየማሳው ይሰጣል። አንዴ የጠጣ ማሳ ለአጨዳ ይደርሳል። ያልጠጣው ለከብት ገለባ እንኳ አይሆንም።

የሚቀጥለው ጎርፍ ተራው የእንዳለው ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የማሳ ጎረቤቱ የሙህሲን ነው።

እንዳለው ግን እንደ ሌላው ሰው ቦይ ዳር አልዋለም። ቤቱን ዘግቶ መኪና ይሠራ ነበር።

መኪናዋ ከስንዝር ብዙም አትበልጥም። ልጁ ሕይወት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የላከችለት ናት። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው፣ እናቷ ደብሪቱ ከሞተች ወዲህ ከግድግዳ ጋር ተፋጦ መዋሉ አሳስቧት ነበር። ካርቶኑ ላይ ቀይ የጭነት መኪና ተስላለች። ውስጡ ግን መኪና የለም። በቀጫጭን የፕላስቲክ ፍሬሞች ላይ የተንጠለጠሉ፣ የሚገጣጠሙ ቁርጥራጮችና አሠራሩን የሚያሳይ አንድ ወረቀት ብቻ ናቸው።

እንዳለው ሞተር ሲፈታ የለመደውን አደረገ። ጆንያ ዘረጋ፤ በጥፍር መቁረጫ ሁሉንም ከፍሬሙ እየቆረጠ ደረደረ፤ ባዶውን ፍሬም ምድጃ ውስጥ ጣለው። ሞተር የፈታ ሰው በፈታበት ተራ ደርድሮ፣ በዚያው ተራ ይመልሳል። ይህችን ግን የፈታት እሱ አልነበረም።

ሕይወት ደወለች።

“አባዬ፣ ጀመርከው?”

“ቆርጬ ጨርሻለሁ።”

“ምኑን ነው የጨረስከው?”

“ሁሉንም። ጆንያ ላይ ተሰጥቷል።”

ሳቋ ስልኩን ሞላው። “አባዬ! የየቁርጥራጩ ቁጥር እኮ ያለው ፍሬሙ ላይ ነው! ወረቀቱን እያየህ፣ አንድ ቆርጠህ አንድ እየገጠምክ ነበር የምትሄደው።”

“ፍሬሙ ነዷል።”

“በቃ ሌላ እልክልሃለሁ።”

“ተይው። መኪና አይጠፋኝም።”

“እሺ፣ የሚያግዝህ ሰው ጥራ። ጋሼ ሙህሲን አሉ አይደል?”

“አለ።”

“ታዲያ?”

“አለ አልኩሽ እኮ።”

ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ከበፊቱ የባሰ ጭር አለ።

የሙህሲን ቤት ወደ ማሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እንዳለው በዚያ አያልፍም፤ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞሮ ይሄዳል። ሕይወት በተወለደችበት ክረምት፣ እንደ ዘንድሮው በደረቀ ዓመት፣ አንድ ጎርፍ ብቻ ወርዶ ነበር። ተራው የሙህሲን ነበር። እንዳለው ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ደብሪቱ አራስ ናት። ሙህሲን ውሃውን ከራሱ ማሳ አሳልፎ ወደ እነሱ መራው። የእንዳለው ጎተራ ሞላ። ሙህሲን ግመሉን ሸጦ ከረመ። እንዳለው ከመንገድ ሲመለስ “እመልሳለሁ” አለው፤ ሙህሲንም “ኢንሻአላህ” አለ።

የውሃ ተራ በእህልም በብርም አይመለስም። የሚመለሰው በውሃ ነው፤ እሱም በክፉ ዓመት። ክፉ ዓመት በመጣ ቁጥር ግን እንዳለው መንገድ ላይ ነበር። ሙህሲን አንድም ቀን አላነሳበትም። አለማንሳቱ ለእንዳለው ከማንሳት ባሰበት። መጀመሪያ ሰላምታው አጠረ፤ ቀጥሎ መንገዱ ተለወጠ።

ቁርጥራጮቹን በጣቱ እየዳበሰ ለየ። ከሥር የሚሸከመውን ሻንሲ፣ ንጥረት የሚያበርደውን ባሌስትራ፣ የጎማውን ቸርኬ ወዲያው አወቃቸው። ጥቃቅኖቹ አስቸገሩት። ሊያጣብቅበት የገዛው ሱፐር ግሉ ሙጫ የፊት መስታወቱን እንደ ጉም አነጣው። እንዲደርቅ ፀሐይ ላይ ያሰጣው በር በቆቦ ሙቀት ተጣመመ፤ ከጀሪካን ሌላ ቆርጦ ሞረደ። ቀይ መሆኗንም አልወደደውም። የእሱ መኪና ነጭ ነበረች። ነጭ ቀለም ፍለጋ ኸይረዲን ሱቅ ሄደ።

“ነጭ የጥፍር ቀለም አለህ?”

ኸይረዲን ከሚዛኑ ቀና አለ። “ጋሽ እንዳለው! ሊያገቡ ነው እንዴ?”

“ለመኪና ነው።”

“ወላሂ፣ ጥፍሯን የምትቀባ መኪና ሰምቼ አላውቅም። ሒናስ አልጨምርላትም?”

“ብርጭቆ ወረቀት ጨምርና ዝም በል።”

ኸይረዲን እየሳቀ ጠቀለለለት። “ሙህሲን ትናንት ስለ እርስዎ ጠየቀኝ። ‘ያ ሰውዬ አለ ወይ?’ አለኝ።”

“ምን አልከው?”

“አለ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ነው የሚያልፈው አልኩት።”

እንዳለው ብልቃጡን ኪሱ ከቶ ወጣ።

የጭነቱን ማቀፊያ፣ ስፖንዳውን፣ ከክብሪት እንጨት ሠራው። ሸራውን ከአሮጌ ዣንጥላ ቀደደ። መሪዋን፣ ድሮ ደብሪቱ የእሱን መሪ እንዳለበሰችለት፣ በቀይ ክር ጠመጠመ። የቀረው ጋቢናውን ሻንሲው ላይ ማጣበቅ ብቻ ነበር። ይህ ግን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። አንዱ ቀጥ አድርጎ ሲይዝ ሌላው ሙጫውን ያስገባል፤ እስኪደርቅም እጅ አይነሳም። በልብስ መቆንጠጫ ሞከረ፤ ተንሸራተተ። በላስቲክ አሰረ፤ ተንጋደደ። በመጨረሻ ሙጫውን ቀብቶ፣ ሻንሲውን በጉልበቱ ቆንጥጦ፣ ጋቢናውን በሁለት እጁ ጨብጦ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ ነው በሩ የተንኳኳው። ብዙ ዓመት ያልተሰማ ድምፅ ነበር፤ የሙህሲን ሚስት ሀስና።

“እንዳለው! አለህ? ጊዳን ጠቁሮ ውሃ ወርዷል! ተራው ያንተ ነው፣ ውጣ!”

ጋቢናውን አየ። ከለቀቀው ይንጋደዳል። ለቀቀውና በሩን ከፈተ።

“ሙህሲንስ?”

“ወገቡ ይዞታል። ቢሆንም በከዘራው እየተጎተተ ማሳ ሄዷል።”

“የናንተ ተራ ቀጥሎ ነው።”

“ሌላ ከወረደ” አለች ሀስና።

ሌላ እንደማይወርድ ሁለቱም ያውቃሉ። እንዳለው አካፋውን አነሳ። በወፍጮ ቤቱ በኩል አልዞረም። በሙህሲን ደጅ አለፈ።

ሙህሲን በሁለቱ ማሳዎች መካከል በሚያልፈው ቦይ ድንበር ላይ ተቀምጧል።

“ዘገየህ” አለው።

“ሙጫ ይዞኝ ነው። መኪና እየሠራሁ ነበር።”

“ለካ ኸይረዲን ያወራው የጥፍር ቀለም ለዚያ ነው! እኔ ደግሞ ሰውዬው ለየለት ብዬ ነበር።” ሙህሲን ወገቡን ይዞ ሳቀ። “ትሄዳለች?”

“አትሄድም።”

“ጥሩ ነው። ያችኛዋ ብዙ ሄዳለች።”

ውሃው ደረሰ። ቡናማ ነው፤ አረፋና ጭራሮ እየገፋ ቦዩን ሞልቶ መጣ። በግራ የእንዳለው ማሽላ፣ በቀኝ የሙህሲን፤ ሁለቱም ቅጠላቸውን ጠቅልለው ቆመዋል። የራሱን ማሳ አየው። ዛሬ ካልጠጣ ዓመቱን የልጁን እጅ እያየ ሊኖር ነው። አካፋውን ጨበጠ። አፈሩንም ጭራሮውንም እያፈሰ ወደ ራሱ ማሳ የሚያስገባውን የቦይ አፍ ደፈነ። ከዚያ የቦዩን የቀኝ ድንበር መቁረጥ ጀመረ።

“ምን እያደረግህ ነው?” አለ ሙህሲን። “ሰውዬ፣ ተራው ያንተ እኮ ነው!”

“ሕይወት ከተወለደች ጀምሮ ያንተ ነው።”

ሙህሲን ከዘራውን ተደግፎ ተነሳና ጫፉን ወደ ታች ቀሰረ።

“እዚያ ጋ ጠለቅ አድርገህ ቁረጠው። አለዚያ ውሃው ይሸሻል።”

እንዳለው ጠለቅ አድርጎ ቆረጠ።

“ነገ ሥራ አለህ?” አለ ቀና ሳይል። “ጋቢና የሚይዝልኝ ሰው አጥቻለሁ።”

“ወገቤን ነው እንጂ የያዘኝ፣ እጄ ደህና ነው” አለ ሙህሲን።

ድንበሩ ተናደ። ውሃው መጀመሪያ በቀጭኑ፣ ከዚያ በሙሉው፣ የሙህሲንን ማሽላ ሥር ሥሩን እየዞረ ገባ።