የማዳበሪያው ክር

ወርቁ «ያቺን ፈረንጅ ያነጋገረ ከበረንዳዬ ይነሳል» ያለው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ማንን ለማለት እንደፈለገ ለመረዳት ነገር አዋቂ መሆን አያስፈልግም፤ በረንዳው ላይ የምትቀመጠው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ሸዋርካብሽ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ጎጃም በረንዳ፣ ከወርቁ የእህል መጋዘን በር በስተግራ ተቀምጣ የተቀደደ ማዳበሪያ ስትጠግን ኖራለች። ኪራይ አትከፍልም፤ በምትኩ የእሱን ማዳበሪያዎች በነፃ ትሰፋለች። መርካቶ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከዚያ ጥላ ከተነሳች ደንበኞቿ ሞተች ብለው ሌላ ጠጋኝ ይፈልጋሉ።

ሐሙስ፣ ፈረንጇ ከመጣች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከመንገዱ ማዶ በጋሪዎቹ መሀል ቆማ ትቀርጻለች። የምትቀርጸው ሰው አይደለም፣ ሕንፃም አይደለም። ማዳበሪያ ነው። ሙሉውን፣ ባዶውን፣ ተጣጥፎ የተከመረውን፣ ዝናብ የመታውን።

«ሰላይ ናት» አለ ተሸካሚው ቶላ፣ አንድ ማዳበሪያ ፉርሽካ ከትከሻው አውርዶ አጠገቧ እያቆመ። ሸዋርካብሽ ለጎረቤቷ ላም መኖ እንዲሆን ያስገዛችው ነው።

«ማዳበሪያ የሚሰልል መንግሥት የት አገር አለ?»

«እኔ ምን አውቄ እትዬ። ሌላውን ሰልለው ጨርሰው ይሆናላ።»

ወርቁ ግን የሚፈራበት ምክንያት ነበረው። መጋዘኑ ውስጥ ተገልብጠው የተሰፉ ማዳበሪያዎች አሉ፤ የእርዳታ ስንዴ የመጣባቸው፣ «አይሸጥም» የሚል የታተመባቸው። የምትገለብጣቸውም ሸዋርካብሽ ራሷ ናት። የሰረቀ የለም። ስንዴ የታደለ ሰው ጨውም ዘይትም ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ከስንዴው ቀንሶ ይሸጣል፣ ነጋዴው ይገዛል፣ ማዳበሪያው ተገልብጦ በቆሎ ይሞላበታል። ይህን ሌብነት ብለው ሪፖርት የሚጽፉ ሰዎች ጨው የሌለው ንፍሮ ቀምሰው አያውቁም። ቀምሰው ቢሆን ኖሮ ብዕር ከማንሳታቸው በፊት ያፍሩ ነበር። ሆኖም ሪፖርቱ ይጻፋል፣ በሩም ይታሸጋል፤ ወርቁ ካሜራ ባየ ቁጥር የሚታየው የታሸገ በር ነው።

ሸዋርካብሽም ያው በር ይታያታል። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከፍርሃቱ ይልቅ አንድ ነገር አላስቀምጥ ብሏታል። ይህች ሴት ምን ፈልጋ ነው?

ያን ዕለት ረፋድ ላይ ፈረንጇ መንገዱን ተሻገረች። አብራት እስከዳር የምትባል፣ ሥዕል ትምህርት ቤት የጨረሰች የአዲስ አበባ ልጅ ነበረች። ወርቁ መጋዘኑ ውስጥ እህል ያስመዝናል።

«እንደምን አደሩ እትዬ። ዳሪና ትባላለች፣ ከዩክሬን ነው የመጣችው። ሲሰፉ እጅዎን ብቻ መቅረጽ ትፈልጋለች፤ ፊትዎ አይታይም።»

«ሂዱ ልጄ። እንጀራዬን አትዝጉብኝ።»

እስከዳር ተረጎመች። ፈረንጇ ራሷን ነቅንቃ ልትመለስ ስትል ሸዋርካብሽ አላስቻላትም። «ቆይ እስቲ። ሥራዋ ምንድን ነው?»

«አርቲስት ናት። ሠዓሊ ነበረች፤ ብሩሹን ከተወች ቆይታለች። አሁን በቪዲዮም፣ በድምፅም፣ በጨርቅም ትሠራለች።»

«ሁሉንም የሚሞክር አንዱንም አያውቅም ማለት ነው።»

እስከዳር ሳቀች እንጂ ይህንን አልተረጎመችም። «አንድ ጊዜ ዳቦ ለመግዛት የተሰለፈ ሰው ጫማ ብቻ ዓመት ሙሉ ቀርጻለች። በእሱ ነው ስሟ የወጣው።»

«ጫማ?»

«ጫማ።»

ሸዋርካብሽ መርፌዋን ሲባጎው ላይ ሰካች። ውሸታም ሰው ከዚህ የተሻለ ውሸት አያጣም ብላ አሰበች። ከዚያ የፉርሽካውን ማዳበሪያ በእግሯ ገፋ አድርጋ ወደ ፈረንጇ አዞረችው። «ክፈችው በያት።»

የማዳበሪያ አፍ በማሽን ሲሰፋ ክሩ እንደ ሰንሰለት ይያያዛል። ከአንደኛው ጫፍ ቢስቡት እንደ ውኃ ይወርዳል፤ ከሌላኛው ቢስቡት ግን ይቋጠርና እሺ አይልም። እዚሁ መርካቶ እንኳ ከአሥር ሰው ዘጠኙ ቢላዋ ያነሳል። ሪፖርት ጸሐፊ ደግሞ መቀስ ይጠይቃል፤ ሸዋርካብሽ የጠበቀችው ይህንን ነበር።

ዳሪና ቁጢጥ አለች። የማዳበሪያውን አፍ ወዲያና ወዲህ አገላብጣ ሁለቱንም ገጽ አየች። በቀኝ በኩል ያለውን የክር ጭራ በጥርሷ በጥሳ፣ በሁለት ጣቷ ይዛ ሳበችው። ክሩ ትርርር ብሎ በአንድ ትንፋሽ ወረደ፣ አፉም ተከፈተ።

ቶላ ሳያስበው አጨበጨበ።

«ማን አስተማራት?» አለች ሸዋርካብሽ።

«እናቷ። ወደብ ላይ የእህል ማዳበሪያ አፍ ትሰፋ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት። ጦርነቱ ሲመጣ ወደቡ ተመታ፣ እናቷም ወደ ዘመድ ሄደች።» እስከዳር ስልኳን ከፍታ አሳየቻት። ሰፊ አዳራሽ፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉ አርባ ማዳበሪያዎች፣ አፋቸው የተሰፋ። «ይህም የእሷ ሥራ ነው። ተመልካች እየመጣ ክሩን ይስባል። ከትክክለኛው ጫፍ ከሳበ ይከፈትና ከውስጡ የወደቡ ድምፅ ይወጣል፤ ክሬኑ፣ ባሕሩ፣ እናቷ ሠራተኛ ስትቆጣ።»

«ከተሳሳተስ?»

«ይቋጠርበታል። ምንም ሳይሰማ ይሄዳል።»

«ደግ አደረገች» አለች ሸዋርካብሽ። ይህ ገባት። «እዚህስ ምን አመጣት?»

«እናቷ ያን ሁሉ ዓመት ስትሰፋ አንድም ቀን ሲከፈት አላየችም። ማን ይከፍተዋል፣ ከዚያስ ምን ይሆናል እያለች ትጠይቅ ነበር። ዳሪና ይኸው መንገዱን ተከትላ መጣች።»

ሸዋርካብሽ የወረደውን ክር አንስታ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። በእጇ ያለፈው ማዳበሪያ ስንት ሺህ እንደሆነ እግዜር ነው የሚያውቀው፤ እሷ ግን መጀመሪያ የሰፋው ማን ይሆን ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ወርቁ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ምን ብዬሽ ነበር?»

«ጋሼ ወርቁ፣ የሙያ ልጅ ናት። እጄን ነው የምትቀርጸው።»

«ዛሬ እጅሽን፣ ነገ መጋዘኔን።»

እስከዳር ተረጎመች። ዳሪና ካሜራዋን አውጥታ የሦስቱን ቀን ምስል በሙሉ ወርቁ እያየ አንድ በአንድ አጠፋችው። ሲያልቅ የካሜራውን ባዶ መስታወት አሳየችው።

«ሌላ ቦታ ያስቀመጠችው ይኖራል» አለ ወርቁ። ፍርሃት እንዲህ ነው፤ ማስረጃ ሲሰጡት ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። «ሸዋርካብሽ፣ እሷን ሸኚና ሥራሽን ሥሪ። ካልሆነ ተነሺ።»

«እንሄዳለን እትዬ» አለች እስከዳር። «ቦታዎን እንዲያጡ አትፈልግም።» ዳሪና ካሜራውን ቦርሳዋ ውስጥ መክተት ጀምራ ነበር።

ሸዋርካብሽ መርፌዋን አየች፣ ጥላውን አየች። ይህች ልጅ ከሄደች እሷ ራሷ ነገም ከነገ ወዲያም እዚሁ ትቀመጣለች። የልጅቷ እናት ግን ከነጥያቄዋ ትቀራለች፤ መልሱ ያለው ደግሞ ሸዋርካብሽ ዘንድ ነው። ተነሳችና የተቀመጠችበትን ማዳበሪያ ከበርጩማው ላይ አንስታ አራገፈችው። ሰማያዊ የባዕድ ጽሑፍ ፊት ለፊት ይነበባል።

«ይህን አይተሃል ጋሼ ወርቁ? ከአንተ መጋዘን የወጣ አይደለም። እህቴ ድንች የላከችልኝ ነው። አልገለበጥኩትም።»

«እና?»

«እናማ እሱን ነው የምሰፋው። በረንዳው ያንተ ነው። መንገዱ ግን የሁላችን ነው።»

«ፀሐይ ያቃጥልሻል።»

«ያቃጥለኛል።»

በርጩማዋን ይዛ ከበረንዳው ወርዳ መንገዱ ዳር፣ የቦዩ ክዳን ላይ ተቀመጠች። ወርቁ ትለማመጠኛለች ብሎ ትንሽ ጠበቀ። ሳትለማመጠው ስትቀር ቶላን «ጓዟን አውጣላት» አለው። ቶላ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ የሚሸከመውን አራት ጊዜ አድርጎ ማመላለስ ጀመረ።

ዳሪና ማዳበሪያው ላይ የአገሯን ጽሑፍ ስታይ በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር አለችና ለእናቷ በቪዲዮ ደወለች። ስልኩ መስታወት ላይ መነጽር ያደረጉ፣ ሻሽ ያሰሩ ሴትዮ መጡ። ንግግሩ ከዳሪና ወደ እስከዳር፣ ከእስከዳር ወደ ሸዋርካብሽ እየተሻገረ ይመጣል።

«በቀን ስንት ይሰፉ ነበር በያቸው።»

«ሦስት ሺህ ይላሉ።»

«በማሽን ነዋ። በእጅ ይምጡና እንተያይ።»

ሴትዮዋ ይህ ሲነገራቸው ከልባቸው ሳቁ፤ ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠየቁ። «ከተከፈተ በኋላ ስንት ጊዜ ያገለግላል ይላሉ።»

ሸዋርካብሽ ሰማያዊውን ማዳበሪያ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና ቀዳዳውን አግኝታ መርፌውን አስገባች። ካሜራው እጇ ላይ ነው። «እንግዲህ መጀመሪያ ስንዴ» አለች። «ከዚያ ይገለበጥና በቆሎ። ከዚያ ከሰል። ሲቀደድ እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ጠግኜው ድንች። ከዚያ ግንበኞች አሸዋ ይሞሉበታል። ቀስ ብለሽ ንገሪያቸው፣ እየጻፉ ነው።»

ወርቁ ከበረንዳው ጫፍ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል፤ ተመለሺ ግን አላላትም። ቶላ ሁለተኛውን ጥቅል እግሯ ሥር አወረደ።

«እትዬ፣ የመርፌውን ቆርቆሮ የት ላድርገው?»

«እዚሁ» አለች፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ። «ከአሸዋ በኋላ ደግሞ ይተረተርና ገመድ ይሆናል።»