ቅድ አውጪዋና ያገለገለችው ኮምፒውተር

እንሺራሕ ልብስ ስታይ ከፊቱ አትጀምርም፤ ገልብጣ ውስጡን ነው የምታየው። በግብፅ፣ በመሐላ ከተማ ዕድሜዋን ሙሉ የልብስ ቅድ አውጪ ሆና፣ ጨርቅ የሚቆረጥበትን ልክ እየሣለች ስትሠራ የተጠናወታት አመል ነው። ሱቅ ገብታ የተሰቀለ ቀሚስ ካገኘች ሳታስፈቅድ ጫፉን ገልብጣ ስፌቱን ትመረምራለች። አንድ ጊዜማ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቷ የተቀመጠውን ሰውዬ ኮሌታ አንስታ ስታይ፣ ሌባ መስላው ጩኸቱን አቅልጦታል። ባሏ ሸውቂ ይህን ወሬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሳያወራ አይለቅም። እሷ ግን አታፍርበትም፤ የልብስም የሰውም ገመና ያለው ከውስጥ ነው ባይ ናት።

ያን ሰሞን የስፌት ፋብሪካው ባለቤት ሐጅ ዘግሉል ቢሮው አስጠርቶ ዱብ ዕዳ ነገራት። ቀሚስ የሚገዛቸው የውጭ ደንበኛ ከእንግዲህ በካርቶን የተቆረጠ ቅድ አልቀበልም ብሏል። ቅዱ በኮምፒውተር ተሥሎ፣ ገና ጨርቅ ሳይቆረጥ፣ ስክሪን ላይ የቆመች የምስል ሴት ለብሳው ዞር ዞር ስትል ማየት ይፈልጋል። እስከ ወሩ መጨረሻ ይህን ሠርታ ካመጣች ሥራው የእሷ ነው፤ ካልሆነ ግን ካይሮ ያለ ቢሮ ይረከበዋል። እንዳያማህ ጥራው እንዳይበላ ግፋው የሚሉት ዓይነት ግብዣ ነበር። እንሺራሕ በሴቶች ማሠልጠኛ ገብታ በኮምፒውተር መሣሉን ተምራለች፤ የማሠልጠኛው ኮምፒውተሮች ግን አቅም ስላልነበራቸው የምስሏን ሴት ማልበስ ላይ ሲደርሱ ድርቅ ይላሉ። የራሷ ኮምፒውተር፣ ያውም ጉልበት ያለው፣ ያስፈልጋታል። ካላገኘች ከቅድ ጠረጴዛዋ ተነስታ ቤት መቀመጥ ነው፤ ቤት መቀመጥን ደግሞ ከመታመም ለይታ አታየውም።

አዲስ መግዛት የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ካይሮ ወርዳ የኮምፒውተር ገበያው ውስጥ ገባች። የአውሮፓ መሥሪያ ቤቶች አርጅቷል ብለው ያስወገዱት ኮምፒውተር በመርከብ መጥቶ፣ ተጠራርጎና ተፈትሾ የሚቸበቸበው እዚያ ነው። በዚያ ገበያ ካቻቢቴ የጨበጠ ሁሉ “ባሽ ሙሀንዲስ” ይባላል፤ የመሐንዲሶች አለቃ እንደ ማለት ነው። አለቃ የሌለበት ሱቅ የለም፤ ተራ መሐንዲስ ግን ቢፈልጉት አይገኝም። እንሺራሕ የገባችበት ሱቅ አለቃ ወጊህ የሚባል፣ ወፍራም መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ነው።

ዓይኗ ጥግ ላይ የተጋደመች አንዲት ቀጭን ኮምፒውተር ላይ ዐረፈ። ቅናሽ ተለጥፎባታል። እንሺራሕ ምን ጎድሏት ነው ብላ ጠየቀች። ወጊህም አልደበቃትም፤ ጎኗ ተቧጥጧል፣ ቀፎዋም ቀጭን ስለሆነ ብዙ ዕቃ አይጨመርባትም፣ ስለዚህ ፈላጊ አጥታ ከርማለች አላት። ጉድለቱን ቀድሞ የሚናገር ነጋዴ ብርቅ ነውና እንሺራሕ ሰውየውን ወደደችው። ቀጥሎ የጠየቀችው ግን ከፍተህ ውስጧን አሳየኝ የሚል ነው።

ወጊህ ክዳኑ ብሎን ላይ የተለጠፈችውን ሚጢጢ ወረቀት በጣቱ አሳያት። የሱቁ ማኅተም ናት። “ዋስትናው እሷ ላይ ነው ሐጃ፤ እሷ ከተቀደደች እርስዎም አያውቁኝም፣ እኔም አላውቅዎትም” አላት።

የገበያው ሕግ ነው፤ ማንም አይከራከረውም። ፊቷ ሲጠቁር አይቶ ግን ሳታሳዝነው አልቀረችም፤ ከጓሮ የሞተች አንዲት ተመሳሳይ ኮምፒውተር አምጥቶ ክዳኗን አነሳላት። እንሺራሕ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ይሄ ምንድነው፣ ያኛውስ፣ ይህ ሽቦ ለምን በዚህ ዞሮ ሄደ፣ ማራገቢያው የሚተነፍሰው ወዴት ነው እያለች ታጣድፈው ጀመር። ወጊህ ሊበላ የያዘው የፉል ሳንድዊች እጁ ላይ በረደ። መጀመሪያ በአጭሩ ይመልስላት ነበር፤ በኋላ ግን ራሱም ጥያቄው እየጣመው መጣ። ሜሞሪ ማለት ሥራዎን የሚዘረጉበት ጠረጴዛ ነው፣ ዲስኩ ቁም ሣጥንዎ ነው፣ የምስል ካርድ የሚሉት ደግሞ ያቺን ሴትዮ የሚያለብሳት ነው አላት። እንሺራሕ ቀጭኗን ኮምፒውተር ገዛች፤ ወጊህም ጓሮ ወስዶ እንደፈለገችው ሜሞሪ ጨመረባት፣ አሮጌውን ዲስክ አውጥቶ ፈጣን አደረገባት፣ ከዚያም አዲስ ማኅተም ለጠፈባት።

የምስል ካርድ ግን እሱ አይሸጥም። ወዲያ ማዶ ካለው ሱቅ ለቀጭን ቀፎ የሚሆነውን አጭሩን ገዝተው ይምጡ፣ ልግጠምልዎት አላት። እንሺራሕም እሺ አለች። ያቺ እሺ ግን የማይመለስ ሰው እሺ ነበረች። እውነቱን ለመናገር ቀፎዋን በገዛ እጇ ለመክፈት ልቧ ቆሟል፤ ከዚያ በኋላ ዋስትና ቢሉ ማኅተም ቢሉ የሚሰማ ጆሮ አልነበራትም።

የሞተችውን ኮምፒውተር ሆድ በሜትሯ ለክታ ስለነበር ማዶ ሱቅ ስትደርስ ካርዱንም ለካችው። ርዝመቱ ልክ ነው፤ ቁመቱም ልክ ነው። ካርዱ ጫፍ ላይ ከቀፎው ኋላ የሚታሰር የብረት ጅራት አለ፤ እሱን አልለካችም። ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ጣቃ ጨርቅ ግራና ቀኙ ላይ ደረቅ ጠርዝ አለው፤ ቅድ አውጪ ያንን ጠርዝ ከስፋቱ አይቆጥረውም፣ ተቆርጦ የሚጣል ነውና። የእንሺራሕ ዓይን ብረቱን እንደ ጠርዝ ቆጥሮ አለፈው። ሱቁ ግድግዳ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ጽሑፍ በትልቁ ተጽፏል፤ እሱንም አይታ አለፈችው።

ቤቷ ስትደርስ ኮምፒውተሯን ቅድ በምትቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ጡረታ የወጣው ሸማኔ ሸውቂ ሻዩን ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። እሱ ለዚህ ዓይነት ትርዒት ጊዜ አያጣም።

“ማኅተሟን ልትቀጂው ነው ኡም ዚያድ?” አላት፤ በልጃቸው ስም የዚያድ እናት እያለ ነው የሚጠራት።

“ልቀደው ነው።”

“እንግዲህ ብትሞት ቀብሯ ባንቺ ወጪ ነው።”

ወረቀቷን በጥፍሯ ላጠቻት፤ ክዳኑን አነሳች። ደስ አላት። እንዲህ የተስተካከለ ውስጥ አይታ አታውቅም፤ ሽቦው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዞ ታስሯል፣ ትርፍ የተንጠለጠለ ነገር የለም። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው የሰፋት አለች። ካርዱን አንስታ ወደ መሰኪያው ስታስጠጋው ግን የብረት ጅራቱ ቀፎው ጠርዝ ላይ ተንተርሶ አልወርድም አለ። ገልበጥ አደረገችው፣ ገፋችው፤ እምቢ። ጅራቱ ለትልቅ ቀፎ የተሠራ ረጅም ነበር። የሠራችው ስሕተት ያን ጊዜ ገባትና ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች።

ሸውቂ አልማራትም። ሰውን ሁሉ አሥር ጊዜ ለክተህ አንዴ ቁረጥ እያልሽ ስታስጨንቂ ኖረሽ አላት። ከዚያ ግን ኀዘኗን ሲያይ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ታች ካለው ቆርቆሮ ሠሪ የቆርቆሮ መቀስ ተውሶ መጣ። የወሩ መጨረሻ ቀርቧል፤ ካርዱ አይመለስም፤ ጅራቱን መቁረጥ ነው ያለው መፍትሔ አላት። እንሺራሕ መቀሱን ተቀበለች። መቀስ እጇ ሲገባ ግን እንደ ልማዷ ሥራውን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ብረቱ ከካርዱ ጋር የተበየደ አልነበረም፤ በጥቂት ትናንሽ ብሎኖች ብቻ ነው የተያያዘው።

መቀሱን መለሰችለት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸውና ጅራቱ ተላቅቆ እጇ ላይ ቀረ። ካርዱም ያለ ጅራቱ ሲወርድ ቀጥ ብሎ መሰኪያው ውስጥ ገባ። የሚይዘው ስለሌለ ትንሽ ይወዛወዛል፤ እንሺራሕ የኮት አዝራር የሚተከልበትን በሰም የታሸ ክር አውጥታ ከቀፎው ጋር በሁለት ቦታ አሰረችው። ሸውቂ ኮምፒውተር ሲጠለፍ ዛሬ ገና አየሁ አለ።

ክዳኑን ዘግተው ቢያበሯት ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ሆኖ ቀረ።

“ገደልሻት” አለ ሸውቂ።

እንሺራሕ ግን ወጊህን ከጠየቀችው ብዙ ጥያቄ አንዱ ትዝ አላት። ካርድ የገባላት ኮምፒውተር ምስሉን በካርዱ በኩል እንጂ በድሮው ቀዳዳ አትልክም ብሏት ነበር። የስክሪኑን ገመድ ከድሮው ነቅላ ካርዱ ላይ ሰካችው። ስክሪኑ በራ። ሸውቂ አንድ ብርጭቆ ሻይ ቀድቶ ሰጣት፤ እሱ ዘንድ ይህ ይቅርታ መጠየቅ ነው።

በማሠልጠኛው የሣለችውን ቅድ ከፈተች። የምትኮራበት መሠረታዊ ቅዷ ነው፤ የፋብሪካው ቀሚስ ሁሉ ከእሱ ሲወለድ ኖሯል። ፕሮግራሙን ስፋልኝ ብላ አዘዘች። ቁርጥራጮቹ ከየቦታቸው ተነስተው የምስሏ ሴት ላይ ተጣበቁ፣ ተገጣጠሙ፣ ጨርቁም እንደ እውነተኛ ጨርቅ ረገበ። እንሺራሕ እጇ አፏ ላይ ነበር። የእሷ ቀሚሶች እንደተሰፉ ባሕር ይሻገራሉ እንጂ አንዷም ሴት ለብሳቸው ስትሄድ አይታ አታውቅም። ሴትዮዋን ቀስ አድርጋ አዞረቻት። ወገቧ አማረ፣ ወርዱም ልኳን ያዘ። ጀርባዋን ስትሰጥ ግን ሁለቱ ትከሻዎች ላይ ቀይ ቀለም ታየ። ፕሮግራሙ ጨርቅ የሚጨነቅበትን ቦታ ሁሉ በቀይ ነው የሚያሳየው።

መጀመሪያ ኮምፒውተሯን ጠረጠረች። ሌላ ቀሚስ ከፈተች፤ ያም ቀይ ነው። ሦስተኛም ጨመረች። የሁሉም የጀርባው ትከሻ ከፊተኛው ጠበብ፣ አጠር ያለ ነው። ሠላሳ ዓመት የሣለችው መሥመር ነው። ታዲያ ይህ ሁሉ ቀሚስ እንዴት ደኅና ሆኖ ተሰፋ? አንድም ቀን ተመልሶ አልመጣባትም። ይህን ሳታውቅ ማደር እንደማትችል ገባትና ስልኳን አነሳች። የደወለችው የስፌት መሥመሩ አለቃ ለሆነችው ለራውሒያ ነው።

“ራውሒያ፣ እውነቱን ንገሪኝ። የኔ ቀሚስ የጀርባው ትከሻ ያጥራል?”

ከበስተኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

“ማን ነገረሽ አብላ?” አለች ራውሒያ፤ አብላ ማለት ለታላቅ እህት ነው።

“ኮምፒውተሬ።”

“እኛማ ዱሮም በጣታችን እየሳብን ነው የምንሰፋው። ጨርቁ እዚያ ጋ ትንሽ ይሳባል፤ ሳብ አድርገን ከፊተኛው ጋር እናመጣጥነዋለን። አዲስ ሠራተኛ ስትገባ መጀመሪያ የምናሳያት እሱን ነው።”

“እኔ ለምን አልተነገረኝም?”

“የሠርግ ቀሚሴን ቅድ ያወጣሽልኝ አንቺ አይደለሽ? ምን ብዬ ልንገርሽ? ደግሞ አፍሽንም እንፈራው ነበር።”

እንሺራሕ ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። አፈረች፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። የልብስ ሁሉ ገመና ስትገልጥ የኖረችው ሴትዮ የራሷን ሌሎች ሸፍነውላት ኖረዋል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብለው ፊቷ ላይ ሥራሽ ግሩም ነው ሲሏት። መናደድ ፈልጋ ነበር፤ ንዴቱ ግን አልመጣላትም። የመጣባት ልቅሶ ነው፤ ያም ስለ ቅዱ ሳይሆን በጣታቸው ሲደግፏት ስለኖሩት ሴቶች ነበር።

ስክሪኗ ላይ ያለችው ሴት የሚያመጣጥንላት ጣት የላትም። ቅዱ እንዳለ ቢላክ ደንበኛው ቀዩን አይቶ በዚያው ይመልሰው ነበር። እንሺራሕ ዓይኗን ጠርጋ የጀርባውን ትከሻ ጫፍ ያዘችና ጥቂት ወደ ውጭ ጎተተችው። ቀይ ነበር፣ ቢጫ ሆነ። ትንሽ ጨመረችለት፤ ቢጫው ጠፋ። ሴትዮዋ ዞረች፣ ዳግመኛም ዞረች፣ ጀርባዋ ላይ ጨርቁ ተኝቷል። የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ለሐጅ ዘግሉል ላከችለት፤ እሱም ለደንበኛው ላከው። ከጥቂት ቀን በኋላ ሐጁ ደወለ። ለወሬ የማይቸኩል ሰው ነው፤ ተቀብለውታል፣ ቁረጡ ብያለሁ አላትና ዘጋው።

አዲሱ ቅድ ተቆርጦ ስፌት በጀመረበት ቀን ራውሒያ ከመሥመሩ ላይ ሆና ቤት ላለችው ለእንሺራሕ ደወለችላት። የስፌት መኪናዎቹ ከኋላዋ እየጮኹ ነው።

“አብላ፣ የዛሬዎቹ ቀሚሶች ትከሻቸው እየተጣመመብን ነው። ቅዱ ልክ ነው ብለሽን አልነበር?”

እንሺራሕ ደነገጠች፤ ከዚያ ግን ገባት።

“እየሳባችሁ ነው እንዴ?”

ራውሒያ ስልኩን ሳትዘጋ ለሴቶቹ ጮክ ብላ ተናገረች፤ መኪናዎቹም አንድ በአንድ ቆሙ። እንሺራሕ አንዷ ስትስቅ፣ ሌላዋም እጄ እኮ ነው፣ እኔ አይደለሁም ስትል ሰማች።

“ጣታችን ለምዶብን ነው አብላ። አሁን ምን እናድርገው?” አለች ራውሒያ።

“መሳቡን ተዉት” አለች እንሺራሕ። “ጨርቁን ስጡት ለመኪናው፤ ራሱ ይሄዳል።” ስልኩን ዘጋች፤ ነጠላ ጫማዋን እንኳ ሳትቀይር ወደ ፋብሪካው ወጣች።